የሆሽ ዘይት እንዴት ይለቃል?

(በዓርብ ስብሰባችን ላይ የተደረገ ንግግር። መምጣት ላልቻሉ እህቶች እንዲደርስ እንደተነገረ ተጽፏል።)

 

ባለፈው ስለ ብረት ምጣድ ስናወራ አንዷ እህታችን ስለ ሆሽ ጠየቀች። «መኪናው ዘይት አንጠባጥቦ ጡቡ ጠቁሯል፣ ማዳም አልለቀቀም ትለኛለች፣ ምን ላድርግ?» አለች። ያን ቀን ስድስት መልስ መጣ። አንዷ ክሎሮክስ አለች፣ አንዷ ፍላሽ፣ አንዷ ቤንዚን፣ አንዷ ደግሞ ሁሉንም አንድ ላይ! ስለዚህ ዛሬ ነገሩን ለይተን እንየው ተባለና እኔ እንድናገር ተደረገ። የዘይት ነገር ትንሽ ይመስላል። ግን ከእኛ መሀል በዚህ የተነሣ እጇ የተላጠ አለች፣ ደሞዟ የተቆረጠ አለች፣ ሌሊቱን ስትስል ያደረች አለች።

እኔ መካ ሁለት ዓመት ከምናምን ሠርቻለሁ፣ አሁን ጅዳ አራተኛ ዓመቴ ነው። ሁለቱም ቤት ሆሽ ነበረው፣ ሁለቱም ሆሽ ላይ መኪና ይቆም ነበር። ከሀገር ስንወጣ በአዋጅ 923/2008 መሠረት ሰልጥናችሁ የብቃት ማረጋገጫ ያዙ ተብለን ሰልጥነናል። ማጠቢያ ማሽን፣ ካውያ፣ ምንጣፍ መጥረጊያ አሳዩን። የመኪና ዘይት ግን በእኔ ስልጠና ላይ አልነበረም። እዚህ ያወቅሁትን ነው የምነግራችሁ። ትንሽ ደግሞ የአስረኛ ክፍል ኬሚስትሪ አለበት። መምህራችን «አሲድና ቤዝ አንድ ቀን ያስፈልጋችኋል» ሲሉን እንስቅ ነበር፤ ቀኑ ደረሰ።

መጀመሪያ ጡቡን እንወቀው። እዚህ ሆሽ ላይ የሚነጠፈው ኢንተርሎክ የሚባለው አብዛኛው የሸክላ ጡብ አይደለም፣ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ተጨምቆ ቀለም የገባበት ነው። ሴራሚክ ከላይ መስታወት የመሰለ ሽፋን ስላለው ዘይት አይገባውም፣ በጨርቅ ይነሣል። ኢንተርሎክ ግን ሽፋን የለውም። ቀዳዳው በዓይን አይታይም እንጂ እንደ እንጀራ ዓይን ነው፣ ዘይቱን ይጠጣል። ላዩን ስንፈትግ የምናነሣው ላዩ ላይ ያለውን ብቻ ነው። ስለዚህ ሥራችን ሁለት ነው፦ ያልጠጣውን ቶሎ ማንሣት፣ የጠጣውን ደግሞ ከውስጥ መልሶ መሳብ። መፈተግ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ዘይቱ አሁን የፈሰሰ ከሆነ ውሃ እንዳታስነኩት! የብዙዎቻችን የመጀመሪያ ሐሳብ ጎማውን መክፈት ነው። ውሃ ዘይትን አያጥብም፣ ይገፋዋል እንጂ። አንድ ክንድ የነበረውን ሦስት ክንድ ያደርገዋል። ደረቅ የሚመጥ ነገር አልብሱት። እዚህ በጣም የሚመቸው የድመት አሸዋ ነው፣ ረምል ቂጣጥ በሉ፣ ሱፐርማርኬት ሁሉ አለ። ከሌለ ደረቅ አሸዋም ይሆናል፣ ጅዳ ላይ አሸዋ ጠፋ የምትል አትኖርም። ሀገር ቤት ቢሆን ሰጋቱራ ወይም አመድ ይሆን ነበር። የወጥ ቤት ዘይት ከሆነ፣ የረመዳን ሳምቡሳ ስትጠብሱ የፈሰሰ፣ ጊዜ ያለፈበት ዱቄትም ይሠራል። ወፈር አድርጋችሁ አልብሱት፣ በጫማ ረገጥ ረገጥ አድርጉት፣ እስከ ማግስቱ ተዉት። ጠዋት በደረቁ ጠርጋችሁ በላስቲክ ቋጥራችሁ ጣሉ። አሁንም እርጥብ ከሆነ አንዴ ድገሙት። ይህን ብቻ ያደረገች እህት ሥራዋን ግማሽ ጨርሳለች።

ቀጥሎ ሳሙና ነው። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ ፌሪም ይሁን ሌላ፣ ውሃ ሳይነካው በቀጥታ እድፉ ላይ አፍስሱ። ሳሙና ሁለት እጅ አለው በሉ፤ በአንዱ ዘይቱን ይይዛል፣ በሌላው ውሃውን። ሀገር ቤት እናቶቻችን በእንዶድ ጋቢ ሲያጥቡ የሚሠራው ይሄው ነው፤ አረፋው ቅባቱን ከጨርቁ አላቆ ለውሃው ይሰጠዋል። ነገር ግን ለመያዝ ጊዜ ይፈልጋል። ሳሙናውን አፍስሰን ወዲያው ማጠብ ሳሙና መድፋት ነው። ሩብ ሰዓት ጠብቁ፣ እንዳይደርቅ ጠብ ጠብ አድርጉበት፣ ከዚያ በጠንካራ የፕላስቲክ ብሩሽ ፈትጉ። በመጨረሻ አንድ ባልዲ ሙቅ ውሃ።

የብረት ብሩሽና የብረት ሽቦ አይሁን። ጡቡን ይቧጭራል፣ ደግሞ የተሰበረው ብረት ቀዳዳው ውስጥ ይቀራል። የጅዳ አየር ከባሕሩ እርጥብና ጨው ነው፣ ብረቱ በቀናት ውስጥ ዝጎ ጥቁሩ እድፍ ላይ ቡናማ ይጨምርላችኋል። በከፍተኛ ግፊት የሚረጨውን ማሽንም «ቶሎ ይጨርሳል» ብላችሁ በቅርብ አትያዙት። በጡቦቹ መካከል ያለው አሸዋ ተጠርጎ ይወጣና ጡቡ ይነቃነቃል፣ ከዚያ በኋላ ጥፋቱ የእናንተ ይሆናል።

የታጠበበትን ውሃ ወደ በር አትልቀቁት። ጅዳ የምንጠጣው የባሕር ውሃ ተጣርቶ ነው፣ ውሃ ውድ ነው፣ ወደ መንገድ የወጣ ውሃም ባለቤቱን በበለዲያ ሊያስቀጣው ይችላል። መካ ደግሞ ከተማዋ በተራራ መካከል ናት፣ ብዙ ቤት ዳገት ላይ ነው፤ የለቀቃችሁት ዘይትና ሳሙና ታች ጎረቤት ደጃፍ ይደርሳል። አንድ ሰው ቢያንሸራትተውስ? ቀሪውን በአሮጌ ፎጣ ወይም በዚያው በድመት አሸዋ አንሡት።

እሺ፣ የቆየስ? ወር ሁለት ወር የሞላው፣ ጥቁር ሆኖ የደረቀ? ለእሱ ሊጥ እንሠራለታለን። የድመት አሸዋውን በላስቲክ አድርጋችሁ በድንጋይ አድቅቁት፣ የዕቃ ሳሙናና ትንሽ ሙቅ ውሃ ጨምራችሁ እንደ ወፍራም ገንፎ ለውሱት። እድፉን አርጥባችሁ ሊጡን የአንድ ጣት ውፍረት ለጥፉበት፣ ከእድፉም ጥቂት አሳልፉት። ከላይ የሱፍራ ላስቲክ ሸፍኑና ዳር ዳሩን ድንጋይ ጫኑበት። አንድ ቀን ይዋል ይደር። ከዚያ ላስቲኩን አንሥታችሁ ሊጡ ፀሐይ ላይ ይድረቅ። ሲደርቅ ከታች ዘይቱን እየሳበ ይመጣል። በካርቶን ቁራጭ ፍቃችሁ ጣሉና እጠቡ። አንዴ ሲደረግ ይቀላል እንጂ ላይጠፋ ይችላል፣ ሁለት ሦስቴ ይደገማል። ለማዳም አስቀድማችሁ «ሦስት ቀን ይፈልጋል፣ ሺወይ ሺወይ» በሏት። አንድ ሰዓት ውስጥ እንደሚለቅ ቃል አትግቡ። ቃል ስንገባ ነው ወደ መጥፎው ነገር የምንሄደው።

መጥፎውን ነገር አሁን ላምጣው። አራት ነገር አለ።

አንደኛው አሲድ ነው። ዐረቦቹ ሞያ ናር፣ የእሳት ውሃ ይሉታል፤ ፍላሽ እየተባለ ከሚሸጠውም ውስጥ አሲድ ያለበት አለ። መካ በነበርኩበት ቤት ሹፌሩ ጡቡ ላይ አንድ ጠርሙስ አፈሰሰ። ፈላ፣ ጨሰ፣ ሁላችንም ለቀቀ ብለን አየን። ሲደርቅ ዙሪያው ነጭ ሆኖ ቀለሙ ተልጦ፣ መሀሉ ላይ ዘይቱ እንዳለ ተቀምጧል! ለምን? ሲሚንቶ የኖራ ወገን ነው፣ አሲድ ኖራን ይበላል። የፈላው ጡቡ ነው እንጂ ዘይቱ አይደለም። ዘይትን አሲድ አይነካውም። ዕብነ በረድም እንዲሁ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ደረጃው ወይም መግቢያው ዕብነ በረድ ከሆነ አንድ ጠብታ ምልክት ያስቀራል። የጅዳ በለድ ያሉት የድሮ ቤቶች፣ በ2014 በዩኔስኮ የተመዘገቡት፣ ከባሕር ኮራል ድንጋይ ነው የተሠሩት፤ ያም ያው ኖራ ነው። እንዲህ ባለ ሀገር አሲድ ይዞ መዞር ለቤትም ለሰውም አይሆንም።

ሁለተኛው ክሎሮክስ ነው። ክሎሮክስ ጀርም ይገድላል፣ ቀለም ያነጣል። ዘይት ግን አያነሣም። ጡቡን አንጥቶ እድፉን ይበልጥ ያሳየዋል፣ በቃ።

ሦስተኛው መቀላቀል ነው። እዚህ ላይ እባካችሁ ስሙኝ። ክሎሮክስና አሲድ ሲገናኙ ክሎሪን የሚባል ጋዝ ይወጣል። በ1915 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር በምትባል ከተማ አጠገብ ወታደር የፈጁበት ጋዝ ይሄው ነው። እኛ በባልዲ እንሠራዋለን! ክሎሮክስና አሞኒያም (አንዳንድ የመስታወት ማጽጃ ውስጥ አለ) ሌላ መርዝ ጋዝ ያወጣሉ። «ሆሽ ሜዳ ነው፣ ንፋስ አለ» ትሉ ይሆናል። ክሎሪን ከአየር ይከብዳል፣ መሬት ላይ ይተኛል፣ እኛ ደግሞ ተንበርክከን ነው የምንፈትገው። አፍንጫችን ያለው እዚያው ነው። ከእኛ አንዷ እህታችን በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሁለቱን ቀላቅዪ ተብላ ሌሊቱን ሙሉ ስትስል አደረች፣ እስካሁን ደረጃ ስትወጣ ደረቷ ይጨንቃታል። እድፉ ከመታጠቢያ ቤቱ ለቋል። ከሷ ግን አልለቀቀም።

አራተኛው ቤንዚን ወይም ላምባ ነው። ዘይቱን ያቀጥነዋል፣ እውነት ነው፤ ያቀጠነውን ግን ጡቡ ይበልጥ ይጠጣዋል። ከዚያ በላይ እሳቱ አለ። የቤንዚን ጭስ በዓይን አይታይም፣ መሬት ለመሬት ይሄዳል። እዚህ ብዙ ቤት የውጭ ወጥ ቤት ሆሹ ላይ አለ፣ ጋዝ ሲሊንደር አለ፣ የሚጨስ ሲጋራ አለ። ራቅ ብሎ ያለ እሳት ይዞት ይመለሳል። ልብሳችን ረጅም ነው፣ አባያ ነው። ከዚህ በላይ አልልም።

ጽሑፉን ማንበብ ለሚከብደን ደግሞ ሥዕል አለ። ጠርሙሱ ጀርባ ላይ በጫፉ የቆመ፣ በቀይ የተከበበ ባለ አራት ማዕዘን ፈልጉ። ውስጡ ፈሳሽ እጅ ላይ ሲንጠባጠብ ካያችሁ ሥጋ ይበላል ማለት ነው። ነበልባል ከሆነ ይቀጣጠላል። የራስ ቅል ከሆነ መርዝ ነው። ምንም ምልክትና ጽሑፍ በሌለው ጠርሙስ ውስጥ ያለውን ፈሳሽ አትክፈቱ። እናንተም ማንኛውንም ማጽጃ ወደ ውሃ ጠርሙስ አትገልብጡ። የቤቱ ሕፃን ውሃ መስሎት ቢጠጣ ማን ይጠየቃል?

እንግዲህ ማዳም «ይህን አድርጊ» ብትልስ? አይ ማለት ለእኛ ቀላል አይደለም፣ ሁላችንም እናውቀዋለን። የሠራተኛዋን ጤና አደጋ ላይ የሚጥል ሥራ ማዘዝ እዚህም ክልክል ነው፣ በቤት ሠራተኞች ደንብ ላይ ተጽፏል። ግን ሆሽ ላይ ቆሞ ደንብ መጥቀስ ለስንቶቻችን ይሠራል? እኔ ያየሁት የሚሠራ መንገድ ስለ ሳንባዬ ሳይሆን ስለ ጡቡ መናገር ነው። «ማዳም፣ ሃዳ ይኸሪብ አል-በላጥ» በሏት፣ ይሄ ንጣፉን ያበላሻል። የሷ ንብረት ሲሆን ትሰማለች። ቀጥላችሁ «ዐንዲ ጠሪቃ አሕሰን» በሉ፣ የተሻለ መንገድ አለኝ። አይ ብሎ መቆም ጠብ ያመጣል፣ ሌላ መንገድ ይዞ መምጣት ግን ባለሙያ ያስመስላል። ባለሙያም ነን።

ሁሉም እምቢ ካለስ? አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔም ሳየው ተገርሜያለሁ። ኢንተርሎክ በሲሚንቶ አልተጣበቀም፣ አሸዋ ላይ ነው የተደረደረው። ንጣፍ የሚሠራ ሰው አንዱን ጡብ ነቅሎ ይገለብጠዋል ወይም ይለውጠዋል፣ ሌላውን ሳይነካ። ጅዳ በምሠራበት ቤት ባባ ሰው ጠርቶ አሥር የሚሆን ጡብ አስለወጠ፣ ከዙህር እስከ ዐስር ባለው ጊዜ አለቀ። ያ የእኛ ሥራ አይደለም፣ ጡብ መንቀል አትጀምሩ። ግን ለማዳም መናገር እንችላለን። አስቡት እንግዲህ፤ ጡቡ ይለወጣል፣ ሳንባ አይለወጥም። በአሲድ ሊለቅቅ ይገባዋል የሚባል እድፍ የለም ማለት ነው።

መከላከሉም ቀላል ነው። መኪናው የሚያንጠባጥብ ከሆነ ከሥሩ ካርቶን አንጥፉ፣ ካርቶኑ ላይ የድመት አሸዋ በትኑ፣ በሳምንት ለውጡት። ለሹፌሩም ወይም ለባባ «ሰያራ ቲነቂጥ ዘይት» በሉ፣ መኪናው ዘይት ያንጠባጥባል። መኪናው እስካልተሠራ እኛ ስንፈትግ እንኖራለን።

ሰዓትም አለው። ድርጅት ውስጥ ለሚሠሩ በየዓመቱ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15፣ በእኛ ከሰኔ መጀመሪያ እስከ መስከረም መጀመሪያ ግድም፣ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ ላይ ማሠራት ክልክል ነው። ያ ለኩባንያ ሠራተኛ የወጣ ነው። ፀሐዩ ግን ኩባንያና ቤት አይለይም። ሆሹን ከፈጅር በኋላ ወይም ከዐስር በኋላ ሥሩ። ለማዳምም ምክንያት አላችሁ፦ ጡቡ ሲግል ሳሙናው ወዲያው ይደርቃል፣ አይሠራም። እውነትም ነው። ጓንት አድርጉ፣ ሽፍን ጫማ አድርጉ፣ ከጉልበታችሁ ሥር የታጠፈ ፎጣ አንጥፉ። ያገለገለ የሞተር ዘይት ቆዳ ላይ ሲቆይ ይጎዳል፣ በባዶ እጅ አትንኩት።

ከነዚህ ሁሉ በኋላ አደጋ ከደረሰ፦ አሲድ ወይም ሌላ የሚያቃጥል ነገር ቆዳ ላይ ከፈሰሰ ልብሱን አውልቁ፣ በሚፈስ ውሃ 20 ደቂቃ እጠቡ። ሎሚ፣ ቡና፣ የጥርስ ሳሙና አትቀቡ። ዓይን ከነካ ዓይኑን ከፍታችሁ እንዲሁ 20 ደቂቃ ውሃ አፍስሱበት፣ ከዚያ ሐኪም። የዋጠ ሰው ካለ አታስመልሱት፤ ሲወርድ ያቃጠለው ሲመለስም ያቃጥላል። ጋዝ ከሸተታችሁ ባልዲውን ለመድፋት አትቁሙ፣ ጥላችሁ ውጡ፣ ከፍ ወዳለና ንፋስ ወዳለበት ሂዱ። ጅዳና መካ ላይ የድንገተኛ ስልክ 911 ነው፣ አምቡላንስ 997፣ የጤና ምክር 937። ዛሬ ማታ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት። ጠርሙሱን ይዛችሁ ሂዱ ወይም ፎቶ አንሡት፣ ሐኪሙ ምን እንደነካችሁ ማወቅ አለበት።

ከዚህ ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን ያዙ፦ መጀመሪያ ደረቅ፣ ቀጥሎ ሳሙና፣ ቀጥሎ ትዕግሥት፤ ሁለት ጠርሙስ ግን በጭራሽ አንድ ላይ አይሁን። አዲስ ለመጡ እህቶች ንገሯቸው፤ አብዛኞቹ ማጽጃ የተባለ ሁሉ ሲደመር ኃይሉ የሚጨምር ይመስላቸዋል። በድምፅ ቀድታችሁ ላኩላቸው፣ በኦሮምኛም በትግርኛም የምትችሉ ተርጉሙላቸው።

ወደዚህ የመጣነው ጤናችንን ይዘን ነው፣ ቤተሰብ የሚጠብቀው ብሩን ብቻ አይደለም። ጤናችንን ይዘን እንመለስ። አላህ ይጠብቀን፣ ሁላችንንም በየእምነታችን ፈጣሪ ይጠብቀን። ጥያቄ ካለ እሰማለሁ። አብሽሩ።